የማይታጠፈው ድንኳን

ሶልያና በየጠዋቱ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደጃፏ ላይ ከተተከለው ድንኳን ሥር ፍራሿ ላይ ትቀመጣለች። ባሏ ያብስራ የሞተው ጥር ላይ ነው። አሁን ሰኔ ሊገባ ነው።

ለቀስተኛው የሚመጣው ፀሐይ ከፍ ስትል ነው። ጎረቤቷ ሐናን የቤቷን ማቀዝቀዣ ባትሪ እንደ ሕፃን አዝላ ትመጣለች። ከማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ መላጫዎቹን፣ ሁለቱ መካኒክ ወንድማማቾች ደግሞ ከነመሰርሰሪያቸው ይደርሳሉ። ሁሉም መጀመሪያ የድንኳኑ ቋሚ ላይ ከተደረደሩት ሶኬቶች አንዱን ይይዛሉ፤ ቀጥሎ «ወይኔ ያብስራ!» ይላሉ፤ ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ። ቅደም ተከተሉን የሚያዛባ የለም። አንድ ጊዜ የሌላ ሰፈር ሰው መጣና መጀመሪያ አልቅሶ ሲያበቃ ባዶ ሶኬት አጣ፤ ተናዶ ሄደ።

ድሬዳዋ ውስጥ ከሰው ራስ በላይ ያለ ፀሐይ ሁሉ ባለቤት አለው። ነገሩ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። አያቶች ጣሪያቸው ላይ ላስቲክ ሲለጠፍላቸው፣ ከፀሐይ ኤሌክትሪክ የሚያወጣውን ስስ ፖሊመር ሰው የሚጠራው ላስቲክ ብሎ ነው፣ ያ ላስቲክ ከወረደበት ፀሐይ ከመቶ ስድስት እጅ እንኳ መያዝ ያቅተው ነበር። ስለዚህ የፀሐዩ አክሲዮን ማኅበር መጥቶ «ጣሪያችሁ ላይ የሚወርደውን ፀሐይ ለልጅ ልጆቻችሁ ዘመን ሁሉ አከራዩን» ሲል ሰው ሳቀ። እየሳቀም ፈረመ። ከዚያ ላስቲኩ ይሻሻል ጀመር። ቅመሙ ተለወጠ፣ አደራረቁ ተለወጠ፤ አሥር እጅ ያዘ፣ ሃያ ያዘ፣ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ለሕዝብ መናገር ቀረ። ላስቲኩ በተሻሻለ ቁጥር ፀሐይ ተወደደ። ጥላ የሚጥል ነገር ሁሉ እንደ ሌባ ይታይ ጀመር። ዛፎቹ ተቆረጡ። ጃንጥላ በፈቃድ ሆነ። የድሬ ፀሐይ በሽቦ ወደ ወደብ ይሄዳል፤ ለድሬ ሰው የሚመለስለት ማታ ማታ እርስ በርስ ለመተያየት የምትበቃው ናት።

ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች አንድ ነገር ብቻ መንካት ፈሩ፤ ለቅሶ። በለቀስተኛ ራስ ላይ ያለ ፀሐይ አይለካም የምትል አንዲት አንቀጽ ጣል አደረጉ። እድሩ አንቀጿን እንደ ሰማ አዲስ ድንኳን ገዛ።

ድንኳኑ የመጨረሻው ትውልድ ላስቲክ ነው፤ ቀለሙ እንደ ደረቀ ደም፣ ስሱነቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ። ቆሞ ሲውል ብቻውን ሰፈሩን ያቀዘቅዛል። ጉድለቱ አንድ ነው፤ አይታጠፍም። ይህን የእድሩ ሰዎች ያወቁት አጥፈውት ነው። በመጀመሪያው ለቅሶ ማብቂያ ላይ፣ እድርተኛ ድንኳን ሲሰበስብ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ ጎረምሶች ጫማቸውን አውልቀው፣ አየሩን በእግራቸው እየረገጡ እያስወጡ፣ አጣጥፈው ጆንያ ውስጥ ከተቱት። ሲዘረጋ እጥፋቱ ባለፈበት ሁሉ ነጭ መስመር ወጥቶበታል፤ ግማሽ ጎኑ በድን ሆኗል። ያ ጎን በስንት ልመና ተቀየረ። የእድሩ ዳኛ ኢዮስያስም ውሳኔ አስተላለፈ፤ ድንኳኑ ከእንግዲህ አይታጠፍም፣ እንደተዘረጋ ከለቅሶ ቤት ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳል።

በሁለት ለቅሶ መካከል የት ይውላል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መልሱ ራሱ መጣ፤ ሌላ ሰው እስኪሞት ያለፈው ለቅሶ አያልቅም።

ከያብስራ ወዲህ ደግሞ የሞተ የለም። ቤቱ ሁሉ ሲቀዘቅዝ ሰው መሞት ቀነሰ።

ድንኳን ቆሞ ዋና ሐዘንተኛ ከሥሩ ካልተገኘ ያ ድንኳን ሳይሆን ጥላ ነው። ይህን የምታጣራው ዝንቧ ናት። ዝንብ ያላት ሰፈሩ ነው እንጂ የአክሲዮኑ በራሪ ተቆጣጣሪ ማሽን ናት፤ ቡጢ ታህላለች፣ ድምፅዋ ደግሞ የሠርግ መድረክ መሪ ድምፅ ነው። ስትመጣ አንዱ «መጣች!» ይላል፤ ካርታው ከመቀመጫ ሥር ይገባል፤ እዬዬው ይቀልጣል።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» ትላለች ሶልያና ፊት ቆማ እየተንሳፈፈች። «ለሟቹ ምናቸው ነዎት?»

«ሚስቱ።»

«ሐዘኑ እንደቀጠለ ነው?»

«እንደቀጠለ ነው።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብላ ትሄዳለች። ቤት ውስጥ አትገባም፤ የሐዘን ቤት ደፍ እንዳታልፍ ያችው አንቀጽ ከልክላታለች። ጆሮዋ ግን ግድግዳ አያግደውም።

ሶልያና በመጀመሪያ ይህ ሁሉ ግድ አልሰጣትም። ባሏን ቀብራ የትም የመሄድ አሳብ አልነበራትም፤ ተቀመጪ ቢሏት ተቀመጠች። ግድ የሰጣት የልጇ የማራኪ ሆድ ሲገፋ ነው። ማራኪ የምትኖረው ሰመራ ነው፣ ሥራ ይዛ፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው፤ ከእናቷ በቀር የሚያርሳት ሰው የላትም። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ደግሞ አራስ ቤት አትገባም።

«እማ፣ ዶክተሯ ሕፃኑ ወርዷል አለችኝ» አለች ማራኪ በስልክ።

«እመጣለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ግንቦት ሲገባም እመጣለሁ ብለሽ ነበር።»

«በዚህ ሰሞን አንድ ሰው ይሞታል» አለች ሶልያና። ብላም የተናገረችውን ራሷ ስትሰማ ስልኩን ዘጋች።

በዚያው ቀን ኢዮስያስን ያዘችው። ሰውየው ሶኬቶቹን በጨርቅ እየወለወለ ነበር።

«ኢዮስ፣ ልነሣ ነው። ልጄን ላርሳት ነው።»

«ተነሺ፤ አንቺን ማን አሰረሽ?» አለ ኢዮስያስ ሳይዞር። «ብቻ ስትነሺ ዝንቧ ባዶ ፍራሽ ታገኛለች። አክሲዮኑ ድንኳኑን ያነሣዋል። የሐናንን መንታዎች ያለ ማቀዝቀዣ ታውቂያቸዋለሽ፤ አምና በሙቀት ምን ሆነው እንደነበር አንቺው ነሽ ተሸክመሽ ጤና ጣቢያ ያደረስሻቸው። ጋሽ ኪሩብስ? የሱን ሳንባ ማን ይነፋለታል፣ እኔ?»

«ሌላ ሰው ይቀመጥልኝ።»

«በማን ለቅሶ? የያብስራ ሚስት አንቺ ነሽ።» አሁን ዞር አለ። «አቦ ሶሊ፣ እኔ ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም። አንድ ሰው ይሙትና በዚያው ቀን አንቺ ነፃ ነሽ።»

ጋሽ ኪሩብ የሚኖረው ከሶልያና ቤት ጀርባ በምትገባው ቀጭን ቅያስ ውስጥ ነው። ዘመድ የለውም። ሕይወቱን ሙሉ የላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ቅመም ሲቀላቅል የኖረ ሰው ነው፤ ከአልጋው ጎን የቆመ ማሽን ይተነፍስለታል፤ ማሽኑ ሌሊት የምትመለሰዋን መብራት ይስባል፤ ቀን ግን ሽቦው በአጥሩ በኩል አልፎ ድንኳኑ ላይ ይሰካል። ምሳውን የምታደርስለት ሶልያና ናት።

«ዛሬም አልሞትኩልሽም» አለ ስትገባ። በየቀኑ ነው የሚላት።

«ተው ጋሼ።»

«ምን ተው! ትናንት ማታ ትንሽ ሞከርኩት፤ ይሄ ማሽን አስቸገረኝ።»

እንጀራውን ቆርሳ አጎረሰችው። ሰውየው ብዙ አይበላም፤ ማኘክና መተንፈስ አንድ ላይ ይከብደዋል። ከሥራ ዘመኑ ሲጠይቁት የሚናገረው አንድ ነገር ነው። ላስቲኩ ብዙ ፀሐይ የሚይዘው በዝግታ ሲደርቅ ነው፤ በዝግታ እንዲደርቅ እንፋሎቱ መውጣት የለበትም፤ እንፋሎቱ እንዳይወጣ በርና መስኮቱ ይዘጋል፤ ሰው ግን ውስጥ መቆም አለበት።

«ከሃያ ወደ ሃያ አንድ እጅ ያሳደግነው እኛ ነን» ይላል፤ ደረቱን በጣቱ ይመታል። «አንዷ እጅ ያለችው እዚህ ነው።»

ሶልያና እጇን ታጠበችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንህ ነው። ሙትልኝ።»

ጋሽ ኪሩብ አያት። ከዚያ ሳቀ፤ ማሽኑ ሳቁን አልወደደለትም፣ ተንፈቀፈቀ።

«በስም ነው የምልህ» አለች ቶሎ ብላ። «እድሩ ሞተ ካለ ሞተ ነው፤ የሚያጣራ የለም። ድንኳኑ እዚህ አንተ ደጃፍ ላይ ይተከላል፤ ማሽኑ ያው ይሠራል። እንደውም ሽቦው ያጥራል። ኢዮስን አናግሬዋለሁ፤ ካንተ ከራስህ ከሰማ እሺ ይላል።»

«ማን ይቀመጥልኛል? ዘመድ የለኝም።»

«ሐናን። የእናቱ ልጅ ነኝ ትላለች።»

«ሐናን!» አለ። «ገና አርባ ያልሞላት ልጅ! እናቴ በስንት ዓመቷ ወለደቻት ሊባል ነው?»

«ዝንቧ ዕድሜ አትጠይቅም።»

ዞሮ በሩን አየ። «ከሞትኩ በኋላ ከቤት መውጣት አልችልም ማለት ነው።»

«አትችልም።»

«አሁንስ የት እየሄድኩ ነው?» አለ። እጁን ጉልበቷ ላይ አሳረፈ። «ሂጂ ልጅሽን እረሺ። ብቻ ሙሾ የምታወርደዋ ያቺ የፀጉር አስተካካዩ ሚስት እንዳትሆን፤ ድምፅዋ ሳልሞት ይገድለኛል።»

ቀብሩ ሐሙስ ጠዋት ተፈጸመ። ሳጥኑ ውስጥ ከጣሪያ የተነቀለ አሮጌ ላስቲክ ተጠቅልሎ ገባ፤ የተሸከሙት ሰዎች ከጋሽ ኪሩብ ይከብዳል ተባባሉ። እሱ በመጋረጃው ጥግ የገዛ ሬሳውን ሲወጣ እያየ «የፊት ግራውን ማን ነው የያዘው? ይጥለኛል» አለ። ሐናን ጥቁር ለብሳ ከአልጋው ጎን ነበረች፤ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች፤ ውጭ ያሉት ሲቃ መስሏቸው ባሰባቸው።

የቀረው ድንኳኑን ማዛወር ነው። የማሽኑ ባትሪ አሮጌ ነው፤ ሰው ጎረቤት ገብቶ አንድ ሻይ ጠጥቶ እስኪወጣ ያህል ይይዛል። መንገዱም አጭር ነው፤ ጥግ ዞሮ ቅያሱን መግባት። ነገር ግን ድንኳኑ እስካሁን የተጓዘው በዋናው መንገድ ብቻ ነበር። ቅያሱ ጋሽ ኪሩብ ደጃፍ ላይ ይሰፋል፤ መግቢያው ግን ከድንኳኑ ይጠባል። ከቤቶቹ በላይ ከፍ አድርጎ ማሳለፍ አይቻልም፤ ጥላው የአክሲዮኑ ጣሪያ ላይ ያርፋል። ኢዮስያስ አስቦበታል፤ ፍራሽ በበር እንደሚገባው በጎኑ ቆሞ ይግባ አለ።

ሽቦው ተነቀለ። ቋሚዎቹን ተሸክመው ተነሡ፤ ጥጉን ዞሩ፤ በጎኑ አቆሙት። ግማሹ ቅያሱ ውስጥ እንደገባ የከሰዓት በኋላው ንፋስ ተነሣ።

የቆመ ላስቲክ የመርከብ ሸራ ማለት ነው። አንዴ ወደ ግራ ግድግዳ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ወሰዳቸው። አቧራው ዓይናቸውን ሞላው። ወደፊትም ወደኋላም አልሆነም።

«ያዙ!» አለ ኢዮስያስ። «ንፋሱ ያልፋል! ማንም እንዳያጥፍ!»

ያዙ። ንፋሱ አላለፈም። ከቅያሱ ጫፍ ከጋሽ ኪሩብ ቤት ቀጭን የጩኸት ድምፅ መጣ፤ ቲው፣ ቲው። ሐናን በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ሶሊ! ማሽኑ እየጮኸ ነው! ከንፈሩ ጠቁሯል!»

«እጠፉት» አለች ሶልያና።

የተንቀሳቀሰ የለም።

«እጠፉት ነው የምላችሁ!»

«ሶሊ» አለ ኢዮስያስ፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ «ትንሽ ብቻ። ንፋሱ አሁን ነው የሚያልፈው።»

ሰዎቹን አየቻቸው። የምታውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ሲወልዱ ገንፎ ያገነፋችላቸው፣ ሲታመሙ የጠየቀቻቸው። ማንም ጋሽ ኪሩብ ይሙት አላለም። እያንዳንዱ ሰው የቤቱን ማቀዝቀዣ በእጁ ጨብጦ ቆሟል፣ ይኸው ነው።

ጫማዋን አወለቀች። አንዱን ቋሚ ከመካኒኩ እጅ ነጠቀችና ወደ መሬት ጣለችው፤ ላስቲኩ ተጎንብሶ ሲወርድ ላዩ ላይ ወጣች። በእግሯ ረገጠችው። አየሩ እየተነፈሰ ወጣ፤ ከሥሯ የደረቀ ቂጣ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። አጠፈችው፤ ደግማ አጠፈችው። መጀመሪያ ታናሹ መካኒክ፣ ቀጥሎ ታላቁ ጎንበስ አሉላት። የታጠፈውን ተሸክመው ሮጡ።

ደጃፉ ላይ ዘርግተው ሲሰኩት ማሽኑ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ አንዴ ጎተት አድርጎ ተነፈሰ፤ ደገመ። ጋሽ ኪሩብ ዓይኑን ገለጠ። መናገር ግን አልቻለም።

ድንኳኑ ከዳር እስከ ዳር በነጭ መስመር ተሸንሽኗል። ከሶኬቶቹ ሁሉ የሠራው አንድ ነው። ኢዮስያስ አንድ በአንድ ሞከራቸው፤ ጨርሶ እንደገና ሞከራቸው። ከዚያ መጥቶ ሶልያና ፊት ቆመ።

«ለአንድ ለሞተ ሰው ብለሽ ሰፈሩን ገደልሽው።»

«አልሞተም፤ አንተም ታውቃለህ።»

«ሞቷል» አለ ኢዮስያስ። «ሞቷል ያልኩት እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ሙቀቱ ወደየቤቱ ተመለሰ። ሐናን ጋሽ ኪሩብ ደጃፍ ላይ እስከ ረፋድ ድረስ ተቀመጠች፤ መንታዎቹ ጭኗ ላይ ተኝተው ፊታቸው ቀልቷል። የሰፈሩ ሰው ባትሪውን አዝሎ ሲያልፍ ሰላም አላላትም። ታች ሰፈር ሰው ሞቷል፤ የነሱ እድር ድንኳን አሮጌ ነው፣ ግን ይሠራል። ፀጉር አስተካካዩ፣ መካኒኮቹ፣ ኢዮስያስ ራሱም ሄደ። ሟቹን የሚያውቀው አልነበረም፤ መንገድ ላይ ስሙን ተጠያየቁ።

ሶልያና ሻንጣዋን ይዛ፣ ነጠላዋን አቅንታ፣ ልትሰናበት ስትመጣ ሐናን ቆማ ጠበቀቻት።

«ሶሊ፣ በአላህ ይቅር በይኝ።» አንዱን ልጅ ጀርባዋ ላይ አዘለች፤ ሌላውን ታቀፈች። «ትንፋሻቸው ደስ አላለኝም። ታች ሰፈር ላውላቸው ነው።»

«ቃል ገብተሽልኝ ነበር።»

«ማቀዝቀዣ እያለ ነዋ ቃል የገባሁት» አለች ሐናን። እውነቷን ነበር። ሁለቱም አውቀውታል። ሐናን ጥግ ዞራ እስክትጠፋ ሶልያና ጀርባዋ ላይ የታዘለውን ልጅ ቀይ ፊት ስታይ ቆየች።

የሰመራው አውቶቡስ ቀትር ላይ ነው የሚነሣው። ስልኳ ነዘረ። ማራኪ ናት። «እማ፣ ጀምሮኛል። የት ደረስሽ?»

«መንገድ ላይ ነኝ» አለች ሶልያና። እንደው ሲታይ ቅያሱም መንገድ ነው።

«ቶሎ በይ፤ ፈርቻለሁ።»

«አይዞሽ የኔ እናት። አይዞሽ።»

ስልኩን ዘግታ ገባች። ጋሽ ኪሩብ ከትናንት ወዲህ አንሷል። ማሽኑ በሩብ አቅሙ ነው የሚነፋለት፤ በሁለት ትንፋሽ መካከል ሰው ፀሎት ማድረስ ይችላል። ሻንጣዋን አየ። በእጁ ወደ በሩ ሂጂ አላት። ደግሞ ሂጂ አላት።

«ኢዮስን ለምኜ ሰው አስቀምጥልሃለሁ» አለችው። «ከመሳፈሬ በፊት በታች ሰፈር በኩል አልፋለሁ።»

ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ከሷ ይልቅ እሱ ያመናት ይመስል ነበር።

ሻንጣዋን አንሥታ ስትወጣ ዝንቧ ከባዶው ፍራሽ በላይ ተንሳፍፋ ቆማለች።

ሶልያና ዝንቧን አየች። የቅያሱን ጫፍ አየች። ሻንጣውን ግድግዳው ሥር አስቀመጠች፤ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለች ዝንቧ። «ለሟቹ ምናቸው ነዎት?»

«ልጁ።»

ዝንቧ ቀረብ አለች። «እስከ ትናንት የሌላ ሟች ባለቤት ነበሩ።»

«ባልም አባትም ያለው ሰው ሁለቱንም ይቀብራል።»

«ትክክል ነው። እግዚአብሔር ያጽናዎት።» ክንፎቿ ይነዝራሉ። ጭኗ ላይ ስልኩም ይነዝራል። «የመጀመሪያዋ ሐዘንተኛ የት ሄዱ?»

«ደክሟት ነው። ከእንግዲህ እኔ ነኝ የምቀመጠው።»

«በየቀኑ?»

ስልኩ ነዝሮ ነዝሮ አቆመ። እንደገና ጀመረ። ሶልያና መዳፏን ጫነችበት።

«በየቀኑ» አለች።

«ሐዘኑ እንደቀጠለ ነው?»

አፏን ከፍታ ሳትመልስ፣ ቤት ውስጥ ሟቹን ሳል ያዘው።

ዝንቧ ወደ በሩ ዞረች።

ሶልያና ደረቷን መታች፤ ጮኸች። «አባዬ! አባዬ! ለማን ትተኸኝ!» ብላ ጮኸች። ውስጥ ሳሉ ቀጠለ፤ እሷም ከፍ አደረገችው። ያብስራ ሲሞት ስሙን ያልጠራችውን ያህል ጠራችው፤ የልጇን ስም ጠራች፤ የማንን ስም እንደምትጠራ ሳታውቅ ጠራች። ዝንቧ ሳትንቀሳቀስ ታዳምጣለች።

ሳሉ ቶሎ የሚያቆም ዓይነት አልነበረም።